ነገ በማትመለሱበት ምግብ ቤት፦ በጉዞ ላይ መጥፎ ምግብና መጥፎ መስተንግዶ ሲገጥም ምን ይደረጋል?

ዓሣው ሲመጣ መልኩ ያምር ነበር። ከላይ ቡናማ፣ ዳር ዳሩ ጥብስ ያለ፣ አጠገቡ የሎሚ ቁራጭ። በሹካ ገለጥ ሳደርገው መሃሉ አልበሰለም። ቀመስኩት፤ ይቀዘቅዛል። ለብ ያለ እንኳን አይደለም። ከፍሪዘር ወጥቶ ግማሽ መንገድ ላይ የቀረ ነገር ነው። ልክ በዚያች ሰዓት አስተናጋጁ ብቅ አለና “ሁሉም ነገር ጥሩ ነው?” አለኝ። አፌ ውስጥ ያለውን ሳልውጥ “በጣም ጥሩ ነው፣ አመሰግናለሁ” አልኩት።

ዳር ዳሩን በልቼ መሃሉን ተውኩት። ሂሳቤን ከፈልኩ። ቲፕ ሁሉ ሰጠሁ። ከዚያ ሁለት ሰዓት በፈጀው የአውቶቡስ ጉዞ ስለዚያ ዓሣ ሳወራ ጓደኛዬ ሰለቸውና “ለእኔ የምትነግረኝን ለምን ለሰውዬው አልነገርከውም?” አለኝ። ምን ልበል? ዝም አልኩ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ መንገድ ሄጃለሁ፤ ብዙ ቀሽም ምግብም በልቻለሁ። የገባኝ ነገር ይሄ ነው። ምግብ ቤት ደንበኛውን የሚንከባከበው ነገ እንዲመለስለት ነው። የሰፈር ሰው ዛሬ ከተከፋ ነገ አይመጣም፤ ጎረቤቱንም ይዞ ይቀራል። መንገደኛ ግን ተደሰተም ተከፋም ነገ የለም። ባለቤቱም ይህን ያውቃል። ስለዚህ የመንገደኛ ብልሃት ሁለት ነው። አንድ፣ ነገ በሚመለስ ደንበኛ የሚኖር ቤት ፈልጎ መግባት። ሁለት፣ ነገር ከተበላሸ ከወንበር ሳይነሱ መጨረስ። ከፍሎ የወጣ ሰው ጉልበት የለውም። ከታች የምዘረዝረው ሁሉ ከዚህ የሚመነጭ ነው።

1. ሳይርባችሁ ቤቱን ምረጡ

የራበው ሰው አይመርጥም። ሻንጣ እየጎተተ፣ ልጅ እያለቀሰበት፣ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ላይ የመጀመሪያውን ክፍት በር ይገባል። እዚያ በር ላይ ያለው ቤት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚኖረው በእንደነዚህ ዓይነት ሰዎች ነው። ስለዚህ ጠዋት ቁርስ ላይ ሆናችሁ የምሳውን ቤት ወስኑ። ሁለት አማራጭ ያዙ፤ አንዱ ዝግ ሊሆን ይችላል።

ከታወቀው ሐውልት፣ ከሙዚየሙ ወይም ከባቡር ጣቢያው አሥር ደቂቃ በእግር ራቅ በሉ። እዚያ አካባቢ ያለው ሁሉ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። ግን ኪራዩ ውድ ነው፣ ሰው ደግሞ ሳይጠራ ይመጣል። ምግቡን የሚያሻሽልበት ምክንያት ብዙም የለውም።

በሩ ላይ ስትደርሱ ሜኑውን አትዩ፤ መጀመሪያ ሰዎቹን እዩ። ሻንጣና ካሜራ የሌለው ሰው አለ? አስተናጋጇ ሰላም ብላ ሳትጠይቅ መጠጥ የምታቀርብለት ሰው አለ? በሥራ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ የቢሮ ሰው የሞላበት ቤት ካገኛችሁ ግቡ። እነዚያ ሰዎች ነገ ይመለሳሉ፤ እናንተ በእነሱ ጥላ ሥር ትበላላችሁ።

ከዚያ ወደ ሜኑው። በስድስት ቋንቋ የተጻፈ፣ የሰማንያ ምግብ ፎቶ የተደረደረበት ሜኑ ያስፈራኛል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ሰማንያ ምግብ ለመሥራት የሰማንያ ምግብ ዕቃ መያዝ አለበት። በቀን አንዴ ብቻ የሚታዘዘው ምግብ ዕቃው ፍሪዘር ውስጥ ይሰነብታል። አንድ ገጽ ብቻ የሆነ፣ ቀኑ የተጻፈበት ወይም በጠመኔ ሰሌዳ ላይ የሰፈረ ሜኑ ብዙ ጊዜ ጥሩ ምልክት ነው። ኪችኑ የገዛውን ዛሬ ሊጨርስ አስቧል ማለት ነው።

በር ላይ ቆሞ ክንዳችሁን የሚጎትት ሰውስ? ፈገግ ብላችሁ እለፉ። የሞላ ቤት ጎታች አይቀጥርም።

በኢንተርኔት ስላለው አስተያየት ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነውና። በ2017 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) አንድ ጋዜጠኛ ለንደን ውስጥ ዱልዊች በሚባል ሰፈር፣ በሚኖርበት ግቢ ያለችን የዕቃ ማስቀመጫ ጎጆ ምግብ ቤት ናት ብሎ ትሪፕአድቫይዘር በሚባለው፣ መንገደኞች ስለ ምግብ ቤት አስተያየት በሚጽፉበት ድረ ገጽ ላይ አስመዘገበ። ወንበር የለም፣ ኪችን የለም፣ አብሳይ የለም። ጓደኞቹ ውዳሴ ጻፉለት። በወራት ውስጥ ጎጆዋ በለንደን ምግብ ቤቶች ዝርዝር አንደኛ ሆነች። ሰዎች ቦታ ለመያዝ ስልክ ይደውሉ ነበር! አሜሪካ የሐሰት አስተያየት መግዛትና መሸጥን የሚከለክል ደንብ ከጥቅምት 2024 ጀምሮ ሥራ ላይ አውላለች፤ ግን ደንቡ እዚያ ነው፣ እናንተ ያላችሁት ሌላ ቦታ ሊሆን ይችላል።

እኔ እንዲህ ነው የማነበው። አምስት ኮከቡንና አንድ ኮከቡን ትቼ ሦስት ኮከብ የሰጡትን እከፍታለሁ። ሦስት ኮከብ የሚሰጥ ሰው ብዙ ጊዜ ተከፍሎትም አይደለም፣ ተናዶም አይደለም። “ሾርባው ጥሩ፣ ሥጋው ደረቅ፣ ሂሳብ ለመክፈል ግማሽ ሰዓት ጠበቅን” ይላል። ይሄ ጠቃሚ ነው። ሁለተኛ፣ ያለፉትን ሦስት ወራት ብቻ አያለሁ። ሼፍ ከለቀቀ የሁለት ዓመት ውዳሴ ዋጋ የለውም። ሦስተኛ፣ ቤቱ የለጠፈውን ሳይሆን ተመጋቢዎች ያነሱትን ፎቶ እመለከታለሁ። በጨለማ፣ በተንቀጠቀጠ እጅ የተነሳ ፎቶ አይዋሽም።

አንዳንድ አገር ደግሞ መንግሥት ራሱ ይነግራችኋል። የኒው ዮርክ ከተማ ከ2010 ጀምሮ ምግብ ቤቶች የንጽሕና ውጤታቸውን በፊደል፣ ኤ ወይም ቢ ወይም ሲ ተብሎ፣ በር ላይ እንዲለጥፉ ታስገድዳለች። እንግሊዝ፣ ዌልስና ሰሜን አየርላንድ ከ0 እስከ 5 ቁጥር ይሰጣሉ። ዴንማርክ ከ2001 ጀምሮ በፈገግታ ፊት ሥዕል ትገልጻለች፤ ፊቱ ከተኮሳተረ ተመለሱ። ይሄ ሁሉ ስለ ንጽሕና ነው። ጣዕሙን አይነግራችሁም።

2. ሰዓቱን ጠብቁ

ኪችን ሊዘጋ ሃያ ደቂቃ ሲቀረው አትግቡ። ምድጃው ተጠርጓል፣ ሼፉ ጫማውን ሊቀይር ነው፣ የሚቀርብላችሁ የተረፈው ነው። በተከፈተ በአሥር ደቂቃውም እንዲሁ፤ ገና ዘይቱ አልጋለም። ቤቱ በደንብ ሲሠራ፣ ግን ከግርግሩ ትንሽ ቀደም ብላችሁ ብትገቡ ነው የሚሻለው።

ቡፌ ከሆነ ሰዓት ሁሉ ነገር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ስለ ምግብ ደኅንነት የሚሰጠው ምክር ግልጽ ነው፦ ትኩስ ምግብ ከ60 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ፣ ቀዝቃዛው ከ5 ዲግሪ በታች ይቆይ፤ የበሰለ ምግብ በክፍሉ ሙቀት ከሁለት ሰዓት በላይ አይቀመጥ። በኪሳችሁ ቴርሞሜትር ይዛችሁ እንደማትዞሩ አውቃለሁ። ግን እንፋሎቱ ይታያል። ክዳኑን ስታነሱት ፊታችሁን ካልገረፈው፣ ዳሩ ላይ ቆዳ ካበጀ፣ ለስንት ሰዓት እንደቆየ እግዜር ይወቀው። እዚያው ፊታችሁ እንቁላል የሚጠብስ ሰው ካለ ወደ እሱ ሂዱ።

3. ከማዘዛችሁ በፊት አራት ነገር ጠይቁ

“ዛሬ ምን ይሻላል?” ብዬ መጠየቅ ትቻለሁ። አስተናጋጁ ማለቅ ያለበትን እንዲሸጥ ተነግሮት ሊሆን ይችላል። “ብዙ ሰው የሚያዘው፣ ቶሎ የሚያልቀው የቱ ነው?” ብላችሁ ጠይቁት። ቶሎ የሚያልቅ ምግብ አያድርም።

ዋጋውን ደግሞ እዚያው ቁረጡ። ሜኑ ላይ “እንደ ክብደቱ” ወይም “የዕለቱ ዋጋ” የሚል ካያችሁ፣ በተለይ ዓሣና የባሕር ምግብ ላይ፣ የመቶ ግራም ዋጋ መስማት አይበቃም። “ይሄኛው፣ የመረጥነው፣ ሙሉው ስንት ይመጣል?” በሉ። ከተቻለ ቁጥሩን በወረቀት ይጻፍላችሁ። ዋጋ የሌለው ሜኑ ከሰጧችሁ ዋጋ ያለውን ጠይቁ። የለም ካሉ ተነሱ። ገና ምንም አልበላችሁም፤ ምንም ዕዳ የለባችሁም።

ሳታዙ ጠረጴዛ ላይ የተደረደረ ዳቦ፣ ወይራና ውሃ ነፃ ላይሆን ይችላል። “ይሄ ይከፈልበታል?” ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። ካልፈለጋችሁት ሳትነኩት እንዲያነሱት ንገሩ።

አራተኛው ለአንዳንዱ ሰው የሕይወት ጉዳይ ነው፤ አለርጂ። “ኦቾሎኒ አልወድም” እና “ኦቾሎኒ ከቀመስኩ ሐኪም ቤት እገባለሁ” ለኪችን አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ከላይ ያለውን ማንሳት ነው፤ ሁለተኛው መጥበሻ መቀየር ነው። ስለዚህ ቃሉን በግልጽ ተናገሩ፤ በአገሩ ቋንቋ የተጻፈ ካርድ ይዛችሁ ለሼፉ እንዲደርስ አድርጉ። የአውሮፓ ኅብረት አገሮች ውስጥ ምግብ ቤቶች ስለ 14 ዓይነት አለርጂ አምጪ ነገሮች መረጃ የመስጠት ግዴታ አለባቸው፤ ይሄ ከታኅሣሥ 2014 ጀምሮ የሚሠራ ሕግ ነው። አንድ ነገር ልለምናችሁ፦ ሽንኩርት ስለማትወዱ ብቻ “አለርጂ አለብኝ” አትበሉ። እናንተ ዋሽታችሁ እንደነበር ያወቀ ኪችን ቀጥሎ የሚመጣውን እውነተኛ ሕመምተኛ አያምነውም።

4. ምግቡ ሲዘገይ

መጀመሪያ ቤቱን ቃኙ። አንድ አስተናጋጅ ለአሥራ አምስት ጠረጴዛ እየሮጠች ከሆነ ጥፋቱ የእሷ አይደለም፤ ሰው ያልቀጠረው ባለቤት ነው። ሦስቱ ጥግ ላይ ተሰብስበው ስልክ እየነካኩ ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው። ሁለቱን አንድ አድርጎ መቆጣት ሚዛናዊ አይደለም፤ ደግሞም አይሠራም።

የለመዳችሁት ሥርዓት እዚያ ላይሠራም ይችላል። በብዙ የአውሮፓ አገሮች አስተናጋጅ ሳትጠይቁት ሂሳብ አያመጣም። እናንተን ማጣደፍ ነውር ስለሆነበት ነው። እናንተ “ረሱን” ብላችሁ ትብሰከሰካላችሁ፤ እሱ “ተዝናንተው ይቀመጡ” ብሎ አክብሯችኋል።

ምግብ ከዘገየ “የት ደረሰ?” ብላችሁ አትጠይቁ። መልሱ ሁሌም “አሁን፣ አሁን ይመጣል” ነው። ይልቅ “የእኛ ትዕዛዝ ኪችን ገብቷል?” በሉ። ይቺ ጥያቄ ብዙ ጊዜ አድናኛለች። አስተናጋጁ ሄዶ ያረጋግጣል፤ አንዳንዴም ወረቀቱ ኪሱ ውስጥ ይገኛል። ባቡር ወይም አውሮፕላን የምትይዙ ከሆነ ደግሞ ገና ስትቀመጡ “በ40 ደቂቃ ውስጥ መውጣት አለብን፣ የትኛው ይደርሳል?” ብላችሁ ጀምሩ።

ካልሆነ መሄድ ይቻላል። ግን ተደብቆ መውጣት የለም። አስተናጋጁን ጠርታችሁ “ከዚህ በላይ መጠበቅ አንችልም፣ ትዕዛዙን ሰርዙልን” በሉና የጠጣችሁትን ከፍላችሁ ውጡ።

5. መናገር

እዚህ ላይ ነው ብዙዎቻችን የምንወድቀው። ይሉኝታ ይይዘናል። ሰው ፊት መጨቃጨቅ ያሳፍረናል። ግማሹን በልተን፣ ሂሳብ ሲመጣ ፊታችን ተለውጦ፣ ያኔ እንፈነዳለን። ያ ደግሞ ከሁሉ የከፋው ሰዓት ነው። ሳህኑ ባዶ ነው፤ የሚስተካከል ነገር የለም፤ የቀረው ገንዘብ ብቻ ነው። ባለቤቱም “በልቶ ጨርሶ ላለመክፈል ነው” ብሎ ቢያስብ አልፈርድበትም።

ስለዚህ በሁለተኛው፣ ቢበዛ በሦስተኛው ጉርሻ ላይ አቁሙ። ሹካውን አስቀምጡ። እጃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አስተናጋጁን ጥሩ፤ ማጨብጨብና ማፏጨት ይቅር። ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ። ከዚያ ሦስት ነገር ተናገሩ፦ ምን እንዳዘዛችሁ፣ ምን እንደመጣ፣ ምን እንዲደረግላችሁ እንደምትፈልጉ።

“ይቅርታ፣ ዓሣው መሃሉ አልበሰለም። እዚህ ጋ ይመልከቱት። ተመልሶ ይብሰልልኝ?”

በቃ። “እናንተ ሰዎች” የለም። “እንዲህ ዓይነት ቤት አይቼ አላውቅም” የለም። ስለ ሳህኑ እንጂ ስለ ሰውዬው አትናገሩ። የምትፈልጉትን አንድ ነገር ብቻ ለይታችሁ ጠይቁ፦ ይሙቅልኝ፣ ይቀየርልኝ፣ ወይም ይነሳልኝና ከሂሳቡ ይውጣ። ምን እንደሚፈልግ የማያውቅ ቅሬታ አስተናጋጁንም ያደናግረዋል፤ ምን ላድርግ ብሎ ቆሞ ያያችኋል።

ጥፋትና ምርጫን ግን ለዩ። የቀዘቀዘ፣ ያረረ፣ ያልበሰለ፣ ሜኑ ላይ ከተጻፈው የተለየ፣ ፀጉር የተገኘበት፤ ይሄ ጥፋት ነው፤ በነፃነት ይመለሳል። “ቅመሙ ሌላ መስሎኝ ነበር” ግን የእናንተ ምርጫ ነው። ያን ጊዜም ቢሆን መናገር ትችላላችሁ፤ ትብብር እንጂ መብት እንደማትጠይቁ እያወቃችሁ።

ቋንቋ ካልገባቸው ሳህኑ ይናገር። የተቆረጠውን ገልጣችሁ አሳዩ። የስልክ ትርጉም ላይ አጭር ዓረፍተ ነገር ጻፉና ስክሪኑን አዙሩላቸው። ረጅም ከጻፋችሁ ትርጉሙ ይበላሻል፤ “ሥጋው ቀዝቃዛ ነው” ይበቃል።

አንዴ የሆነውን ልንገራችሁ። ከዓሣው ታሪክ ከዓመት በኋላ፣ ሌላ ከተማ፣ ሾርባ አዝዤ ለብ ብሎ መጣ። ከተቀመጥኩበት ኪችኑ በመስኮት ይታየኝ ስለነበር ምክንያቱን አይቻለሁ። ሳህኑ መስኮቱ ላይ ተቀምጦ ሳለ አስተናጋጇ ከሌላ ጠረጴዛ ጋር ስለጠፋ ትዕዛዝ ትከራከር ነበር። ልቤ ድው ድው እያለ፣ አዎ፣ ለሾርባ፣ “ይቅርታ፣ ቀዝቅዟል፣ ይሙቅልኝ?” አልኳት። የእጇን ጀርባ ሳህኑ ላይ አሳረፈች። “ኧረ ይቅርታ” ብላ አነሳችው። አራት ደቂቃ ሳይሞላ እየተነነ ተመለሰ፤ አጠገቡ ያላዘዝኩት ትኩስ ዳቦ ነበረበት። ያን ያህል ዘመን የፈራሁት ነገር ይሄ ነበር።

“መልሼ ብልከው ይተፉበታል” የሚል ሰው አይጠፋም። እኔ ይሄ ፍርሃት የተጋነነ ይመስለኛል፤ ለኪችን የተመለሰ ሳህን የዕለት ሥራ ነው። ካላመናችሁ ግን መፍትሔ አለው። እንዲሠራላችሁ ሳይሆን እንዲነሳላችሁና ከሂሳብ እንዲወጣ ጠይቁ።

አስተናጋጁ ትከሻውን ከነቀነቀ፣ ወይም “እዚህ እንዲህ ነው የሚሠራው” ካለ፣ ከእሱ ጋር አትጨቃጨቁ፤ የመወሰን ሥልጣን ላይኖረው ይችላል። “ማናጀሩን ላናግር?” በሉ። ከተቻለ ተነሥታችሁ ወደ እሱ ሂዱ። ማናጀር በሌሎች ተመጋቢዎች ፊት ሲከሰስ ክብሩን ይከላከላል፤ ለብቻው ሲነገረው ግን ችግሩን ይፈታል። አስተናጋጁ ተሳዳቢ ከነበረም የሆነውን በቃሉ ንገሩት፦ “ውሃ ስጠይቀው እንዲህ አለኝ።” ቅጽል አትጨምሩ።

6. ድርድር የማያስፈልገው ምግብ

አንዳንዱ ሳህን “ይሙቅልኝ” አይባልም። የሸተተ ሥጋ፣ ያልበሰለ ዶሮ፣ የኮመጠጠ ሩዝ አትቅመሱት፤ ይነሳ፣ ሌላ ምግብ እዘዙ። ምግብ ሲበስል መሃሉ 70 ዲግሪ መድረስ አለበት የሚለውም የዓለም ጤና ድርጅት ምክር ነው። በተለይ የተፈጨ ሥጋ ላይ ጥንቃቄ አድርጉ። ሙሉ ሥጋ ላይ ጀርሙ ባብዛኛው ከላይ ነው፤ ሲፈጭ ግን መሃል ይገባል።

ስለ ዓሣ አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ቱናና የቱና ዘመዶች ከተጠመዱ በኋላ በደንብ ካልቀዘቀዙ ሂስታሚን የሚባል ነገር ይፈጠርባቸዋል። ማብሰል አያጠፋውም። አንዳንዴ ሽታም የለውም። ሲቀመስ ግን ምላስን እንደ ቃሪያ ሊቆነጥጥ ይችላል። ቃሪያ ያልገባበት ዓሣ ከቆነጠጣችሁ እዚያው ተዉት። ፊት መቅላት፣ ራስ ምታትና የልብ ትርታ መፍጠን በደቂቃዎች ውስጥ ሊከተል ይችላል።

7. ሂሳቡን አንብቡ

ቁጥሩን ብቻ አይታችሁ ካርድ አትስጡ። በመስመር በመስመር ውረዱ። የተመለሰው ምግብ ወጥቷል? ያላዘዛችሁት ውሃ ገብቷል? ሰርቪስ ቻርጅ የሚል መስመር አለ? ካለ በላዩ ላይ ቲፕ መጨመር ግዴታ አይደለም፤ ብዙ ሰው ሳያውቅ ሁለቴ ይከፍላል።

የቲፕ ነገር አገር በአገር ይለያያል። አሜሪካ ውስጥ የፌዴራል ሕግ ቲፕ ለሚቀበል ሠራተኛ የወሰነው ዝቅተኛ ክፍያ በሰዓት 2.13 ዶላር ነው፤ ከ1991 ጀምሮ አልተቀየረም። ብዙ ግዛቶች ከዚያ በላይ ያስከፍላሉ፣ ግን አስተናጋጇ በአብዛኛው የምትኖረው በቲፕ ነው። መስተንግዶው መጥፎ ስለነበር ምንም ሳይሰጡ መውጣት እዚያ ከባድ ቅጣት ነው፤ ኪችኑ ላጠፋው እሷን አትቅጡ። ጃፓን ውስጥ ደግሞ ጠረጴዛ ላይ ገንዘብ ትታችሁ ብትወጡ ረሳችሁ ብለው ሮጠው ሊያመጡላችሁ ይችላሉ። ፈረንሳይ ውስጥ የአገልግሎቱ ዋጋ ሜኑው ላይ ባለው ዋጋ ውስጥ አለ።

በካርድ ስትከፍሉ ማሽኑ “በአገርዎ ገንዘብ ይክፈሉ ወይስ በዚህ አገር ገንዘብ?” ሊላችሁ ይችላል። በዚህ አገር ገንዘብ በሉ። የራሳችሁን ከመረጣችሁ ምንዛሬውን የሚቆርጠው የእናንተ ባንክ ሳይሆን የማሽኑ ወገን ነው፤ ትርፉን ጨምሮበት። ምርጫው የእናንተ እንጂ የአስተናጋጁ አይደለም። እሱ ቀድሞ ከተጫነው ተሰርዞ ይደገም።

ደረሰኝ ያዙ። ከተነገራችሁ በላይ ከተቆረጠ፣ ወይም ሁለቴ ከተቆረጠ፣ ካርዱን ለሰጣችሁ ባንክ ማመልከት ትችላላችሁ። በቪዛና በማስተርካርድ አሠራር ለብዙ ዓይነት ቅሬታዎች የተሰጠው ጊዜ ወደ 120 ቀን ነው፤ ባንኩ ራሱ ግን ያሳጥረው ይሆናል፣ እና አትቆዩ። “ምግቡ አልጣመኝም” ብላችሁ ግን አትሂዱ። ባንክ ስለ ጣዕም አይዳኝም።

በልታችሁ ጨርሳችሁ አንከፍልም ማለት አያዋጣም። በብዙ አገር ሳይከፍሉ መውጣት ወንጀል ነው፤ በሰው አገር ፖሊስ ጣቢያ ማደር ከቀዘቀዘ ዓሣ ይብሳል። ካልተስማማችሁ ያልተጣላችሁበትን ክፈሉ፣ የቀረውን በጽሑፍ አስመዝግቡ። ካስገደዷችሁም ከፍላችሁ ደረሰኙ ላይ “በተቃውሞ የተከፈለ” ብላችሁ ጻፉ።

8. ሆድ ቢታመም

ጥፋቱን መጨረሻ በበላችሁበት ቤት ላይ አትለጥፉ። ስታፊሎኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ መርዙ ከ30 ደቂቃ እስከ 8 ሰዓት ውስጥ ያስታውካል። ኖሮቫይረስ ከ12 እስከ 48 ሰዓት ይፈጃል። ሳልሞኔላ የሚባለው ባክቴሪያ ከ6 ሰዓት እስከ 6 ቀን። ማለትም የዛሬው ተቅማጥ የማክሰኞው ሰላጣ ሊሆን ይችላል፤ ምሳ የበላችሁበት ምስኪን ምንም አላጠፋ ይሆናል።

ዋናው ፈሳሽ ነው። ከፋርማሲ የሚሸጠው ኦአርኤስ (በውሃ የሚበጠበጥ የስኳርና የጨው ዱቄት) ከሁሉ ይሻላል። ከሌለ አንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ፣ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። ማንኪያው ልክ ይሁን፤ ጨው ከበዛ ይጎዳል። ትንሽ በትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ ጠጡ። ደም ከታየ፣ ከባድ ትኩሳት ካለ፣ ውሃ እንኳን አልረጋ ካለ፣ ከሦስት ቀን ካለፈ፣ ወይም የታመመው ሕፃን፣ ነፍሰ ጡር ወይም አረጋዊ ከሆነ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። አብረዋችሁ የበሉ ብዙ ሰዎች ከታመሙ ለከተማው ጤና ቢሮ አሳውቁ። ምግብ ቤት ሄዶ ከመጮህ ይሄ የተሻለ ይሠራል፤ ለቀጣዩ መንገደኛም ይተርፋል።

9. አስተያየት መጻፍ

በንዴት ሌሊት አትጻፉ። ጠዋት ተነሥታችሁ ጻፉ። ቀኑን፣ ምሳ ወይም እራት መሆኑን፣ ያዘዛችሁትን፣ የመጣውን፣ ስትናገሩ ምን እንዳደረጉ አስፍሩ። የአስተናጋጁን ስም አትጥሩ፤ ኪችን ውስጥ ያላያችሁትን አትገምቱ። “ሥጋው የሳምንት ነው” ማስረጃ የሌለው ክስ ነው፤ “ሥጋው ይሸት ነበር” ያያችሁትን መናገር ነው። “ሂሳብ ካልቀነሳችሁ አንድ ኮከብ እሰጣለሁ” ማለትማ ማስፈራራት ነው፤ ጽሑፉም ሊሰረዝ ይችላል። ካስተካከሉላችሁ ያንንም ጻፉ። ለሾርባዋ ቤት አምስት ኮከብ ሰጥቻለሁ፤ ሾርባው ቀዝቅዞ መምጣቱንም አልደበቅኩም።

ስለ ዓሣው ግን እስከ ዛሬ ምንም አልጻፍኩም። ሰውዬው መጥቶ ጠይቆኝ “በጣም ጥሩ ነው” ብዬዋለሁ።